በራሳችሁ ጊዜ አታቋርጡት
ቤታ ብሎከር የተባሉትን የልብ መድኃኒቶች ለሚወስዱ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ባሕር ዳር ላይ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን ዋላችሁ። ከደቅ በጀልባ፣ ከዘጌ፣ ከመራዊና ከሐሙሲት በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ሆናችሁም ቤተሰባችሁን ደግፋችሁ ያመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። የልብ ወይም የደም ግፊት ኪኒናችሁን ከቦርሳችሁ፣ ከኪሳችሁ፣ ነጠላችሁ ጫፍ ላይ የቋጠራችሁትንም ፈትታችሁ አውጡት። ገልብጡና ስሙን አንብቡ፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነውና ላላነበባችሁ አጠገባችሁ ያለው ወጣት ያንብብላችሁ። በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የንግድ ስም ነው፤ እሱን ተዉትና ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈውን ፈልጉ። የስሙ መጨረሻ «ሎል» የሚል ከሆነ፣ ማለትም አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል ከሆነ፣ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ኪኒን ነው። በጥቅሉ ቤታ ብሎከር ይባላሉ።

ዋናውን ቀድሜ ልናገር፤ ጀልባ የሚጠብቀው ሰው ቀድሞ ቢወጣ እንኳ ይህን ይዞ ይሂድ። ይህ ኪኒን በድንገት አይቆምም። መቆም ካለበት ሐኪሙ መጠኑን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ ወስዶ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያቆመዋል። በራስ ጊዜ ግን አይተውም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲናደድ፣ ዳገት ሲወጣ ከኩላሊት በላይ ካሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቀቃል። ልብ ላይ ይህን የሚቀበሉ፣ ቤታ የተባሉ መቀበያዎች አሉ። አድሬናሊን እነሱ ላይ ሲያርፍ ልብ ይፈጥናል፣ በኃይል ይመታል፣ የሚፈልገው ኦክስጅንም ይጨምራል። መድኃኒቱ እነዚህን መቀበያዎች ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ አድሬናሊን መጥቶ ማረፊያ ያጣል፤ ልብም ረጋ ይላል። ሰውነት ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። መቀበያዎቹ እንደተያዙበት ሲያውቅ ውሎ አድሮ ተጨማሪ ያበጃል። ኪኒኑን ዛሬ ብትተዉት የቀድሞዎቹም አዲሶቹም መቀበያዎች ባንዴ ክፍት ይሆናሉ። ያው የተለመደው አድሬናሊን አሁን ልብን እንደ ጅራፍ ይነዳዋል። የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል፣ ልብ ይዘላል፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበበትን ሰው ደረቱን ይጨመድደዋል፤ ከባሰም ሃርት አታክ የሚባለውን ድንገተኛ አደጋ ያመጣል። የሚያሰጋው ጊዜ ካቆሙ በኋላ ያሉት ቀናት፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ነው።

ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው፣ ከዚያ በመጣ የሩማቲክ ሕመም የልባቸው በር የጠበበባቸው። ደም በጠበበ በር ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ የሚያገኘው ደግሞ ልብ በምትና በምት መካከል ሲያርፍ ነው። ልብ በደቂቃ 120 ጊዜ ሲመታ ዕረፍቱ ያጥራል፤ ደሙ ከበሩ ኋላ ይከማቻል፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። ምቱ ወደ 60 እና 70 ሲወርድ ያው የጠበበ በር ይበቃል። ኪኒኑ በሩን አያሰፋም፤ ጊዜ ነው የሚገዛለት። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉትን ፔኒሲሊንም አይተካም፤ የሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው።

ሌሎች ለልብ ድካም፣ ለተዘበራረቀ የልብ ምት፣ ከሃርት አታክ በኋላ፣ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ለደም ግፊት ይወስዱታል። እንቅርት ኖሮባቸው ሆርሞኑ ሲበዛ ልባቸው የሚዘልባቸውና እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች ፕሮፕራኖሎል ይታዘዝላቸዋል።

በተለይ የሐይቁ ዳር ሰው ይህን ይስማኝ። ብልሃርዚያ በጣና ዳርቻ የቆየ በሽታ ነው። ሲዋኙ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ መረብ ሲጥሉ ተሐዋሲው በቆዳ በኩል ይገባል። ሳይታከም ዓመታት ሲያልፉት እንቁላሉ ጉበት ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ዙሪያ ያጠነክራል፤ ደም በጉበት ማለፍ ያቅተውና ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የምግብ ቧንቧን የደም ሥሮች ይነፋቸዋል። አንድ ቀን አንዱ ይፈነዳና ሰውየው ደም ያስመልሳል። ፕሮፕራኖሎል የዚያን የደም ሥር ግፊት ስለሚቀንስ እንዳይፈነዳ ይታዘዛል። «እኔ የልብ በሽታ የለብኝም፣ የልብ ኪኒን ለምን ሰጡኝ» ብሎ የተወው ሰው ጠባቂውን ነው ያባረረው። ለምን እንደታዘዘላችሁ ካላወቃችሁ ከፋርማሲው መስኮት ሳትርቁ ጠይቁ።

ሰው ለምን ያቋርጠዋል? ምክንያቶቹን እናውቃቸዋለን፤ ሁሉም ደግሞ መፍትሔ አላቸው።

አንደኛው ማለቁ ነው። ከደቅ ደሴት የሚመጣ ሰው ማዕበል ከተነሣ ጀልባ ላያገኝ ይችላል፤ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የ2 ሳምንት ትርፍ ይኑር። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ በቀን ሁለት ፍሬ የሚውጥ ሰው 28 ፍሬ በላስቲክ ጠቅልሎ ለብቻ ያስቀምጣል፤ አዲስ ሲገዛ አዲሱን ወደ ትርፉ፣ የትርፉን ወደሚበላው ያዛውራል፤ ጊዜው እንዳያልፍበት። ከፋርማሲው ያ መድኃኒት ጠፋ ቢባል «ሌላ ሎል ስጠኝ» ብላችሁ አትቀይሩ። 50 ሚሊ ግራም አቴኖሎልና 50 ሚሊ ግራም ካርቬዲሎል አንድ አይደሉም። ሐኪሙ ይለውጠው።

ሁለተኛው ጾም ነው። ይህን በጥንቃቄ ልናገር፤ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ያስተምራሉ፤ በእስልምናም እንዲሁ ነው፤ ግን ብዙ ሰው መጾም ይፈልጋል፣ ፍላጎቱንም እናከብራለን። እንግዲህ ስሌቱን እንየው። ካርቬዲሎል በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ቶሎ ወደ ደም ይገባና ሰው ሲነሣ ያዞረዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው አንዱን በ9 ሰዓት፣ ሌላውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢውጥ ልዩነቱ 6 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት ድረስ 18 ሰዓት ባዶ ይቀራል። ሌሊት ምቱ ከመጠን በላይ ይወርዳል፣ ረፋዱ ላይ ይዘላል። ይህ እንዳይሆን ጾሙ ከመግባቱ 2 ሳምንት በፊት ኑና ለሐኪሙ ንገሩ። ለብዙዎች በቀን አንዴ ወደሚወሰድ ኪኒን መዛወር ይቻላል፤ በረመዳንም በኢፍጣርና በሱሁር መካከል የሚስማማ ሰዓት ይገኛል። በሰሙነ ሕማማት የምትሰግዱ ደግሞ ይህን አስቡ፤ ከስግደት ቀና ስትሉ ልባችሁ ምቱን እንደ በፊቱ ቶሎ አያፈጥንም። ዓይን ብዥ ይላል፣ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ አቅም ለሌለው ሥርዓቱ መንገድ አለው።

ጠበልም እንዲሁ። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለልብ ኪኒንም ነገሩ ያው ነው። ተጠመቁ፤ ኪኒናችሁንም ዋጡ። አንድ ተግባራዊ ነገር ግን አለ፤ ጠበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ጠዋት የተዋጠውን ኪኒን አብሮ ያወጣዋል። በዚህ ላይ የልብ ድካም ያለበት ሰው ፈሳሽ ሲበዛበት ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ የሚጠጣው መጠን ይመጠን፤ ኪኒኑም ከጠበሉ ሰዓት ይራቅ።

ሦስተኛው ምክንያት የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያፍረውና የማይናገረው ይኸኛውን ነው።

ድካም ይመጣል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት እግር ይከብዳል፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ክንዱ ቶሎ ይዝላል። ልብ ወደ ላይኛው ፍጥነት እንዳይደርስ ስለተያዘ ነው። አብዛኛው ሰው ይለምደዋል፤ ካልለመደው መጠኑ ይስተካከላል። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ካልሲ ልበሱ። ከተቀመጡበት ሲነሡ ማዞር ካለ፣ ከአልጋ ስትነሡ በመጀመሪያ እግራችሁን ወደ መሬት አውርዳችሁ አንድ ደቂቃ ተቀመጡ፣ ከዚያ አንድ ነገር ይዛችሁ ቁሙ። ጠላና አረቄ ይህን ማዞር ያብሱታል። ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም፣ እንቅልፍ የመቆራረጥ ነገር ከመጣ ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ወደ አንጎል የመግባት ባሕርይ ስላላቸው ነው፤ አቴኖሎል ብዙም አይገባም። ይህን ለሐኪማችሁ ስትነግሩት የሚሠራው ነገር አለው።

ለወንዶች። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ የወሲብ አቅም ሊቀንስ ይችላል። ሰው ለሚስቱም ለሐኪሙም ሳይናገር ኪኒኑን ይተውና በሦስተኛው ቀን ደረቱን ይዞ ይመጣል። እባካችሁ ተናገሩ። ለዚህ ችግር የሚለወጥ መድኃኒት አለ፤ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ ወይም ጭንቀቱ ምክንያት ሆኖም ይገኛል። ከመንገድ ላይ የሚሸጠውን ማነቃቂያ ኪኒን ግን አትንኩ። የደረት ሕመም ሲጀምር ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ያለው ሰው ያንን ማነቃቂያ ቢጨምርበት የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

አሁን አደገኛ ወደሆኑት ልለፍ። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አይውሰድ። ሳንባ ላይም ቤታ መቀበያዎች አሉ፤ የአየር ቧንቧውን ክፍት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል የልቡንና የሳንባውን አይለይም፤ ሁለቱንም ይይዛል፤ ቧንቧው ይጠብና የሚነፉት ሳልቡታሞልም በሚገባ አይሠራም። አቴኖሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል በትንሽ መጠን ይበልጥ ልብን ይመርጣሉ፤ መጠኑ ሲጨምር ግን ምርጫቸው ይጠፋል። በልጅነታችሁ አስም ኖሮባችሁ «ለቆኛል» የምትሉም ብትሆኑ ተናገሩ። ይህ የዓይን ጠብታንም ይጨምራል። ግላኮማ ለሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ የሚሰጠው ቲሞሎል ስሙ እንደሚነግራችሁ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከዓይን በእንባ መውረጃ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ጠብታውን ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የዓይናችሁን ጥግ፣ በአፍንጫችሁ በኩል ያለውን፣ በጣታችሁ ለ2 ደቂቃ ተጫኑት፤ የሚያልፈው ይቀንሳል። የልብ ሐኪማችሁም ጠብታውን ይወቀው።

ስኳር ያለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ስኳር ሲወርድ ሰውነት የሚያስጠነቅቀው በአድሬናሊን ነው፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቤታ ብሎከር እነዚህን ሁለት ምልክቶች ይደብቃቸዋል። ላብ ግን አይደበቅም። ስለዚህ ያለ ምክንያት ግንባራችሁ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ካቸፈቸፈ፣ ወይም በሌሊት ትራሳችሁ ርሶ ከነቃችሁ፣ ስኳር ወርዶ ይሆናል ብላችሁ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለም ሳትጠብቁ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ካልተነሣ ድገሙት፤ ከዚያ ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አይሰጥ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

የልብ ድካም ላለባችሁ ደግሞ ሌላ ምክር አለ። እነዚህ ኪኒኖች ለልብ ድካም ጎጂ ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በቢሶፕሮሎልና በሜቶፕሮሎል ላይ የታተሙ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች ግን ሞትን በ34 በመቶ ገደማ እንደቀነሱ አሳዩ። ዘዴው ያለው በመጀመሪያው መጠን ትንሽነት ላይ ነው። ካርቬዲሎል በቀን ሁለቴ በ3.125 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ በየ2 ሳምንቱ እጥፍ እየሆነ 6.25፣ ከዚያ 12.5፣ ከዚያ 25 ይደርሳል። ቢሶፕሮሎል ከ1.25 ተነሥቶ እስከ 10 ይሄዳል። በየደረጃው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሰው ትንሽ ሊብስበት ይችላል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ ተመዘኑና ጻፉት። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመራችሁ ውኃ እየቋጠራችሁ ነው። ሚዛን ከሌለ አውራ ጣታችሁን የእግራችሁ አጥንት ላይ ለ10 ሰከንድ ተጫኑ፤ ጉድጓድ ቢቀር፣ ወይም በአንድ ትራስ የምትተኙት ሁለት ቢያስፈልጋችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

እዚህ ላይ በጣም የማሳስበው ስሕተት አለ፤ «አንድ ፍሬ» እና «ሩብ ፍሬ» እያሉ መቁጠር። ካርቬዲሎል 6.25 የነበረው ሰው በሌላ ጊዜ ከፋርማሲ 25ቱን ተሰጥቶት እንደ ለመደው አንድ ፍሬ ቢውጥ አራት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በተቃራኒው 25ቱን ሩብ እያደረገ የኖረ ሰው 6.25 ሲሰጠው ያንኑ ሩብ ቢያደርግ ምንም ያህል አልወሰደም። ስለዚህ የምትቆጥሩት ሚሊ ግራሙን ይሁን። አዲስ እሽግ በተቀበላችሁ ቁጥር ከአሮጌው ጎን አስተያዩት። በቀን አንዴ የሚዋጠውን ሜቶፕሮሎል ደግሞ አታኝኩት፣ አትፍጩት፤ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነውና ሲፈጭ የቀኑ ሁሉ ባንዴ ይለቀቃል። መሐሉ ላይ መስመር ካለበት በመስመሩ ብቻ ለሁለት መክፈል ይቻላል።

ሌላው ከዚህ የሚመሳሰል አደጋ አንዱ ክሊኒክ አቴኖሎል፣ ሌላው ሜቶፕሮሎል ሲያዝና ሰው ሁለቱንም ሲውጥ የሚመጣው ነው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርዱ ከሚነግረን ይልቅ ፌስታሉ ይነግረናል። ቬራፓሚል ወይም ዲልቲያዜም የተባለው ሌላ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ከቤታ ብሎከር ጋር ከተገኘ ልብን እስከ ማቆም ሊያዘገየው ይችላል። ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒትም ምት ይቀንሳል፤ አብሮ ሲታዘዝ በክትትል ነው። ለጀርባ ሕመም የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደም ግፊት ኪኒኑን ሥራ ያደክማሉ፣ በልብ ድካም ላይም ውኃ ያስቋጥራሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ፕሮፕራኖሎልን፣ ሜቶፕሮሎልንና ካርቬዲሎልን ከደም ቶሎ ያስወጣቸዋል። ክረምቱ ሲወጣ ወባ በሚበዛበት ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው፣ ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ሜቶፕሮሎል በጉበት የሚሰበርበትን መንገድ ይዘጋዋል፤ ኪኒኑ ደም ውስጥ ይበዛና ምት ሊወርድ ይችላል። የወባ መድኃኒት ሲሰጣችሁ «ሜቶፕሮሎል እወስዳለሁ» በሉ፤ ባለሙያው ይወስን። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አቴኖሎል ይጠራቀምበታል፤ መጠኑ ያንሳል። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ለመውለድ ያሰባችሁ አቴኖሎል የፅንሱን ክብደት ሊቀንስ ስለሚችል ሳታቋርጡ፣ ሳትዘገዩም ኑ፤ የሚተካ አለ።

ስለ ጫትም እንዲሁ በግልጽ እንነጋገር፤ በዙሪያችን የሚበቅል፣ ብዙ ቤት የሚተዳደርበት ነገር ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሽቅብ ይነዳል፤ ኪኒኑ ወደ ታች ይይዛል። ባጃጅ ነጂ በአንድ ጊዜ ነዳጅም ፍሬንም ቢረግጥ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የልብ ሕመምተኛ ከጫት ቢለይ ነው የሚሻለው፤ ያልተለየ ሰው ደግሞ ቢያንስ ለሐኪሙ አይደብቅ፤ ካልነገራችሁት «ኪኒኑ አልበቃም» ብሎ መጠኑን ይጨምርላችኋል።

ተማሪዎችም እዚህ አላችሁ። ፈተና ወይም መድረክ ላይ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ ፕሮፕራኖሎል ከጓደኛ ሲወሰድ እንሰማለን። የጓደኛችሁ ልብና ሳንባ የእናንተ አይደለም፤ አስም እንዳለባችሁ ያላወቃችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ሕፃናት ካሉበት ቤት ኪኒኑ ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ጥቂት ፍሬ የሕፃንን ስኳርና የልብ ምት ሊያወርድ ይችላል። ሕፃን ከዋጠ፣ ደኅና ቢመስልም፣ እሽጉን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ቀዶ ጥገና ወይም ጥርስ ማስነቀል ካለባችሁም እንደምትወስዱት ተናገሩ እንጂ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ አትተዉት።

አንድ ጊዜ ቢረሳስ? ባስታወሳችሁበት ሰዓት ዋጡት። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ተዉትና የሚቀጥለውን ብቻ ውሰዱ። ለማካካስ ሁለት አይዋጥም፤ ሁለት እጥፍ መዋጥ ነው ሰው ሜዳ ላይ የሚጥለው።

አሁን ወደ ልብ ምት እንምጣ። በእኔ እምነት ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ሁሉ የገዛ ምቱን መቁጠር ማወቅ አለበት፤ መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም። ቁጥሩን ቀድሜ ልስጣችሁ። ዕረፍት ላይ ሆናችሁ ከ60 እስከ 80 ውስጥ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው፤ ሐኪማችሁ የተለየ ቁጥር ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ። በ50 እና በ60 መካከል ሆኖ ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ ኪኒኑን ቀጥሉና በቀጠሯችሁ ንገሩ። ከ50 በታች ከሆነ የሚቀጥለውን ፍሬ ከመዋጣችሁ በፊት ወደ ጤና ተቋም ደውሉ ወይም ሂዱ። ከ50 በታች ሆኖ ማዞር፣ ዓይን መጨለም፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ወይም ከ40 በታች ከወረደ፣ የዕለቱ ሥራ ይቁም፤ ወደ ፈለገ ሕይወት፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ራስን መሳት፣ ደረት ላይ የሚጨመድድ ሕመም፣ አዲስ የመጣ የትንፋሽ ሲርሲርታም እንዲሁ ናቸው።

አቆጣጠሩን አብረን እንሞክረው። ለ5 ደቂቃ ተቀምጣችኋልና አርፋችኋል። ግራ እጃችሁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። የቀኝ እጃችሁን ሌባ ጣትና የመሐል ጣት በአንጓው ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ካለው አጥንት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ጎድጎዳ ቦታ ላይ አስቀምጡ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ትርታ ያሳስታችኋል። በኃይል አትጫኑት፣ የደም ሥሩ ይዘጋል፤ እስኪሰማችሁ ድረስ ብቻ። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት አታባዙ፤ ምቱ ወጣ ገባ ለሚልበት ሰው ያ ይዋሻል፤ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ማግኘት ያቃታችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ነርሶቹ ይመጣሉ። ብዕር የያዛችሁ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ኪኒናችሁ ማሸጊያ ላይ ትጽፋላችሁ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ሁላችሁም አገኛችሁት? እንግዲያው ጀምሩ።